ብሩ ወለል አለው፤ ሸክላው የለውም
የአሮጌ የብር ገበታና የጥበብ ሸክላ ዋጋ እንዴት ይሰላል?

በምዕራቡ ዓለም የአሮጌ ዕቃ ጨረታ አዳራሾች ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው የሚሸጡ ሁለት ሸቀጦች አሉ። አንደኛው የብር የገበታ ዕቃ ነው፤ ማንኪያ፣ ሹካ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ትሪ፣ የሻማ መቅረዝ። ሁለተኛው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በተለይ በአሜሪካ የተሠራው፣ በእጅ የተሳለውና ግሌዝ የሚባለው የመስታወት ቅብ የፈሰሰበት የጥበብ ሸክላ ነው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሟች ቤት ይወጣሉ፣ በአንድ አጫራች መዶሻ ሥር ያልፋሉ፣ በአንድ ሰብሳቢ ቁም ሣጥን ውስጥም ይቀመጣሉ። በዋጋ አወሳሰናቸው ግን እንደ ታጠበ ቡናና እንደ ቪላ ቤት የተራራቁ ናቸው። ቡናው ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የማያውቅ ላኪ ቢኖር ስልክ ደውሎ ያረጋግጣል። ቪላው ግን ስንት እንደሚያወጣ የሚታወቀው ገዢ ሲቆምለት ብቻ ነው።

ገንዘቡን በአሮጌ ዕቃ ላይ ማሳረፍ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከስረው የሁለቱን ሒሳብ ሲያቀላቅል ነው። ለብሩ የጥበብ ዋጋ ከፍሎ የሚገዛና ቸግሮት ሲሸጥ በሚዛን የሚከፈለው አለ። ሸክላውን እንደ ብር “አሮጌ ነውና አይወድቅም” ብሎ የሚገዛም አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሚዛን የሚጀመረው ሒሳብ

ለአማርኛ አንባቢ የብሩ ሒሳብ እንግዳ አይሆንም። በቋንቋችን ማዕድኑም ገንዘቡም አንድ ስም አላቸው። ማሪያ ቴሬዛ ብር ለረጅም ዘመን በአገራችን ገበያ ሲዘዋወር የኖረው በላዩ ስላለው የንግሥቲቱ ምስል ብቻ ሳይሆን 28 ግራም ከሚሆነው ክብደቱ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር በመሆኑ ነው። አንጥረኛውም ያንኑ ገንዘብ እያቀለጠ መስቀልና አምባር ሠርቶበታል። ገንዘብ ጌጥ ይሆናል፣ ጌጥም ሲቸግር ገንዘብ ይሆናል።

በእንግሊዝም የሆነው ይኸው ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሀብታሙ ሁሉ የብር ገበታ ሲፈልግ አንጥረኞች የመንግሥቱን ሳንቲም እየሸረፉና እያቀለጡ ሳህን አደረጉት። መንግሥት በ1697 ለገበታ ዕቃ የሚፈቀደውን የብር ጥራት ከሳንቲሙ ከፍ አድርጎ 95.8 በመቶ እንዲሆን ደነገገ። ሳንቲሙን እንዳለ አቅልጦ ሳህን መሥራት በዚህ ዘዴ ተዘጋ። ብሪታኒያ የሚባለው ይህ ደረጃ አስገዳጅነቱ በ1720 አብቅቶ ስተርሊንግ የሚባለው የቀድሞው ደረጃ ተመለሰ። ስተርሊንግ ማለት ከ1000 እጅ 925ቱ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ የሆነ ቅይጥ ነው። ንጹሕ ብር ብቻውን ለሹካና ለማንኪያ ይለሰልሳል፤ መዳቡ የሚገባው ለጥንካሬ ነው።

ስለዚህ የአንድ ስተርሊንግ ዕቃ የመጨረሻ ወለል በካልኩሌተር ይታወቃል። ክብደቱ 600 ግራም የሆነ የሻይ ማንቆርቆሪያ ቢገኝ በ0.925 ሲባዛ 555 ግራም ንጹሕ ብር አለው ማለት ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚመዝነው 31.1 ግራም በሚሆነው ትሮይ አውንስ ስለሆነ 555ን ለ31.1 ማካፈል ነው፤ 17.8 አውንስ ይሆናል። አውንሱ 20 ዶላር ሲሆን ማንቆርቆሪያው በማቅለጫ ዋጋ ወደ 357 ዶላር፣ 30 ዶላር ሲሆን 535 ዶላር፣ 50 ዶላር ሲሆን ደግሞ 892 ዶላር ያህል ይይዛል። አቅላጩ የራሱን ቀንሶ ስለሚከፍል ሻጩ እጅ የሚገባው ከዚህ ያነሰ ነው። እጀታው እንጨት ከሆነም ከክብደቱ መቀነስ አለበት። በአንዳንድ አሮጌ ማንቆርቆሪያዎች እጀታ ላይ ሙቀት እንዳያልፍ የገባው የዝሆን ጥርስ ሲሆን፣ ያ ደግሞ ድንበር ሲሻገር የፈቃድ ጣጣ ያመጣል።

ወለሉ ግን የሲሚንቶ ወለል አይደለም፤ ከፍ ዝቅ ይላል። በመጋቢት 2020 አውንሱ ወደ 12 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር። በጥቅምት 2025 ከ50 ዶላር በላይ ወጥቷል። አንድ ማንኪያ ሳይታጠፍና ሳይጫር፣ ከመሳቢያ ሳይወጣ፣ ዋጋው ከአራት እጥፍ በላይ ተለዋወጠ ማለት ነው። የብር ገበታ የሚሰበስብ ሰው ወደደም ጠላም የሸቀጥ ገበያ ውስጥ ገብቷል።

ማንኪያ ወደ ማቅለጫ የጎረፈበት ዓመት

ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው የ1980 ታሪክ ነው። የቴክሳሱ የነዳጅ ባለጸጎች ኔልሰን ባንከር ሀንትና ወንድሙ ዊልያም ኸርበርት ሀንት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብርና ወደፊት ብር ለመረከብ የሚያስችል ውል ይገዙ ነበር። በ1979 መግቢያ 6 ዶላር አካባቢ የነበረው አውንስ በጥር 1980 ወደ 50 ዶላር ደረሰ። በዚህ ጊዜ በአሜሪካና በእንግሊዝ ቤተሰቦች የአያት ቅርስ የሆነውን የሻይ ዕቃና የሹካ ስብስብ እየያዙ ወደ ገዢዎች ጎረፉ። አቅላጩ ደግሞ ለማን እጅ ሥራ ሊጨነቅ? ሚዛን ላይ ይጥላል፣ ይከፍላል፣ ወደ እሳት ይልካል። በዚያ ወቅት እጅግ ብዙ የብር ገበታ ቀልጦ ጡብ ሆኗል።

የኒውዮርኩ የሸቀጥ ገበያ በጥር ወር በብድር የሚገዙትን የሚገድብ ደንብ ካወጣ በኋላ ዋጋው ማሽቆልቆል ጀመረ። መጋቢት 27 ቀን 1980 በአንድ ቀን ወደ 10.80 ዶላር ወርዶ፣ ወንድማማቾቹ የተጠየቁትን ተጨማሪ ማስያዣ ማቅረብ አቃታቸው። ቀኑ በገበያው ታሪክ “የብር ሐሙስ” ተብሎ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ የኢኮኖሚክስ ነገር አለ። ብዙ ዕቃ ሲቀልጥ የተረፈው ብርቅ ይሆናል፣ ዋጋውም ይወደዳል ተብሎ መጠበቁ ያለ ነው። ለታላላቆቹ አንጥረኞች ሥራ ይህ ይሠራል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን የፖል ደ ላሜሪ፣ ከ19ኛው መባቻ የፖል ስቶር፣ ከአሜሪካ ደግሞ የፖል ሪቪር ማኅተም ያለበት ዕቃ ከማቅለጫ ዋጋው ጋር ዝምድና የለውም። በፋብሪካ በገፍ ለወጣው ለ20ኛው ክፍለ ዘመን የሹካና ማንኪያ ስብስብ ግን አይሠራም። አቅርቦቱ ቢቀንስም ፈላጊው ከአቅርቦቱ በላይ ቀንሷል። የዛሬ ወጣት ቤተሰብ ሰሐኑን በማጠቢያ ማሽን ያጥባል፤ በየሳምንቱ ብር እየወለወለ የሚያስቀምጥበት ጊዜም ሆነ ባለ አሥራ ሁለት መቀመጫ የምግብ ጠረጴዛ የለውም። በመሆኑም ብዙው ተራ ስብስብ የሚሸጠው ከማቅለጫው ዋጋ እምብዛም ሳይርቅ ነው። ለገዢ ይህ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ የገዛ ሰው፣ የማዕድኑ ዋጋ ካልወረደ፣ የሚያጣው ያቺን ጥቂትና አቅላጩ የሚቀንሰውን ብቻ ነው። የሚጎዳው የወለሉን ሦስት እጥፍ ከፍሎ የገዛው ነው።

ማኅተሙ ምን ይላል?

የእንግሊዝ ብር ከሌላው የሚለየው ራሱን በማኅተም የሚያስተዋውቅ በመሆኑ ነው። ከ1544 ጀምሮ የታወቀው የሚራመድ አንበሳ ምስል ዕቃው ስተርሊንግ መሆኑን ይመሰክራል። የነብር ራስ የለንደን ነው፤ መልሕቅ የበርሚንግሃም፣ ግንብ የኤዲንብራ። ሼፊልድ ዘውድ ይመታ ነበር፣ ከ1975 ወዲህ በጽጌረዳ ተክቶታል። ከ1478 ጀምሮ ደግሞ የዓመቱን ፊደል መምታት ተጀምሯል፤ ፊደሉን ከነቅርጹ በመዝገብ ያመሳከረ ሰው ዕቃው የተፈተሸበትን ዓመት ያገኛል። ከ1784 እስከ 1890 የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ራስ ከተመታበት ቀረጥ የተከፈለበት ነው። የሠሪው ስም መጀመሪያ ፊደላትም አሉ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ የመንግሥት ፈታሽ ስላልነበረ ዋናው ምልክት “ስተርሊንግ” የሚለው ቃል ራሱና የፋብሪካው ማኅተም ነው። ቲፋኒ ይህን ደረጃ የያዘው በ1851 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረው የአሜሪካ ብር ብዙውን ጊዜ እንደ ሳንቲሙ 90 በመቶ ነው።

ቀረጥ ባለበት ማምለጫ አለ። ከ1720 እስከ 1758 በእንግሊዝ በአውንስ 6 ፔኒ ቀረጥ ይከፈል ስለነበር አንዳንድ አንጥረኛ ትንሽ ዕቃ አስፈትሾ ማኅተም ካስመታ በኋላ፣ የተመታባትን ቁራጭ ቆርጦ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሆድ ላይ ይበይዳት ነበር። የኋላ ዘመን አጭበርባሪዎችም ይህንኑ ዘዴ አዲሱን ዕቃ ለማስረጀት ተጠቅመውበታል። ዕቃው ላይ በአፍ እፍ ሲሉበት እንፋሎቱ የብየዳውን መስመር አጉልቶ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። የባለቤት ስም ተፍቆ የጠፋበት ቦታም እንዲሁ ይታወቃል፤ በጣት ሲጫኑት ከሌላው ስስ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ወጥመድ ግን ማጭበርበር እንኳ ያልሆነው ልባጡ ነው። በ1740ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ቦልሶቨር የሚባል የሼፊልድ ሰው ብርና መዳብን በሙቀት አጣብቆ አብሮ መዳመጥ እንደሚቻል አገኘ፤ ሼፊልድ ፕሌት የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ከመወልወሉ የተነሳ ጠርዙ ላይ የመዳቡ ቅላት ብቅ ይላል። በ1840 ደግሞ የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን በኤሌክትሪክ የመለበጥ ፈቃድ አወጣና የቀድሞውን ዘዴ ከገበያ አስወጣው። በዕቃው ጀርባ “ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.” የሚሉት አራት የላቲን ፊደላት ካሉ በኒኬል ሲልቨር ላይ በኤሌክትሪክ የተለበጠ ነው። ኒኬል ሲልቨር ደግሞ ስሙ ሲልቨር ይሁን እንጂ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ አንድ ግራም ብር የለውም። ጥሩ ዕድሜ ያለው ሼፊልድ ፕሌት በጥበቡ የሚፈልገው ሰው ያገኛል። ተራው ልባጥ ግን ወለልም ጣሪያም የለውም።

ሚዛን ላይም ቢሆን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። የሻማ መቅረዝ ብዙ ጊዜ ውስጡ በሬንጅ ወይም በጄሶ መሰል ነገር ይሞላል፣ እንዳይወድቅ። ውጪው ቀጭን ብር ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝነው ጥንድ መቅረዝ ጥቂት አውንስ ብር ብቻ ሊኖረው ይችላል። የቢላዋ እጀታም እንዲሁ ነው፤ ስለቱ ብረት፣ እጀታው ሙሊት። ሐቀኛ ሻጭ “ሙሊት አለው” ብሎ ይጽፋል። ሌላው ዝም ይላል።

ጭቃና እሳት

ወደ ሸክላው ሲመጣ ሚዛኑ ይቀመጣል። የሚቀልጥ የለም፣ የሚቆጠር አውንስ የለም። ቢሰበር ገል ነው። ታዲያ ለምን ይወደዳል?

መልሱ ሲንሲናቲ በምትባለው የኦሃዮ ከተማ ይገኛል። ማሪያ ሎንግዎርዝ ኒኮልስ የተባለች የባለጸጋ ልጅ በ1880 ሩክዉድ የሚባለውን የሸክላ ድርጅት አቋቋመች። ድርጅቱ ሸክላውን እንደ ሥዕል ሸራ ቆጠረው፤ ሠዓሊ ቀጥሮ አበባ፣ ወፍ፣ መልክአ ምድር በእያንዳንዱ ላይ በእጅ አስሳለ፣ ሠዓሊውም ፈረመበት። በ1889 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በ1900ም እዚያው ተሸልሟል። በዘመኑ ለነበረው አሜሪካዊ ከአውሮፓ በፊት በሸክላ መመስገን ቀላል ኩራት አልነበረም።

ሩክዉድን ለሰብሳቢ ያስወደደው ሌላው ነገር የሒሳብ አያያዙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1886 ጀምሮ አር እና ፒ የሚባሉትን የላቲን ፊደላት፣ አሩን ወደ ኋላ ገልብጦ፣ ጀርባ ለጀርባ አጣብቆ በዕቃው ሥር መታ። ከ1887 ጀምሮ በየዓመቱ በምልክቱ ዙሪያ አንድ አንድ የእሳት ነበልባል ጨመረ፤ እስከ 1900 አሥራ አራት ደረሱ። ከ1901 ወዲህ የሮማ ቁጥር ከሥሩ ገባ። ነበልባል መቁጠር የሚችል ሰው የዕቃውን ዕድሜ ከሻጩ ሳይጠይቅ ያውቃል። የቅርጹ ቁጥር፣ የመጠኑ ፊደልና የሠዓሊው ምልክትም እዚያው ናቸው። ተጭሮ የገባ የኤክስ ምልክት ካለ ድርጅቱ ራሱ “እንከን አለበት” ብሎ ሁለተኛ ደረጃ ያደረገው ነው።

ከሠዓሊዎቹ ሁሉ የገነነው በ1887 የተቀጠረው ጃፓናዊው ካታሮ ሺራያማዳኒ ነው። በ1900 ጥቁር አይሪስ አበባ የሳለበት አንድ የአበባ ማስቀመጫ በ2004 በሲንሲናቲ ጨረታ 350,750 ዶላር አወጣ። ይህን ቁጥር የሰማ ሁሉ ከሥሩ ነበልባል ያለበት ሸክላ ሲያይ ልቡ ይመታል። ነገር ግን ይኸው ድርጅት በኋለኞቹ ዓመታት ሠዓሊ ያልነካቸው፣ በቅርጽ ማውጫ የወጡ፣ በአንድ ቀለም የተቀቡ ዕቃዎችን በብዛት አምርቷል። ምልክቱ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ሰማይና ምድር ነው። በ1941 የከሰረውም ይኸው ስመ ጥር ድርጅት ነው፤ ሽልማትና ትርፍ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

የሚሲሲፒው ጆርጅ ኦር ታሪክ ደግሞ ትዕግሥትን ይፈትናል። በቢሎክሲ ከተማ የኖረው ይህ ሸክላ ሠሪ (1857–1918) ግድግዳቸው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ የተጣመሙና የተጨማደዱ ማሰሮዎችን ሲሠራ ጎረቤቱ እንደ እብድ ያየው ነበር። በሕይወቱ ብዙም አልተሸጠለትም። ልጆቹ ቦታውን የመኪና ጥገና አደረጉት፤ በሺህ የሚቆጠሩት ማሰሮዎች ለአሥርተ ዓመታት ታሽገው ቆዩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከኒው ጀርሲ የመጣ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ክምችቱን ገዝቶ ወደ ገበያ አወጣው። ሠዓሊው ጃስፐር ጆንስ ሰብሳቢ ሆነ፣ ማሰሮዎቹንም በሥዕሎቹ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ በኋላ ዋጋው ሌላ ሆነ። ሥራው አልተለወጠም፣ ጭቃው ያው ጭቃ ነው፤ የተለወጠው የሰው ዓይን ነው። በዓይን የወጣ በዓይን ይወርዳል፤ የሸክላው ወለል የሌለው ለዚህ ነው።

የኦር ክምችት አንድ ማጭበርበሪያም ወልዷል። ከማሰሮዎቹ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ተተኩሰው ግሌዝ ሳይቀቡ የቀሩ ነበሩ። በሚያብረቀርቀውና ባልተቀባው መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ያዩ ሰዎች አንዳንዶቹን በኋላ ግሌዝ ቀብተው እንደገና በእቶን አስገቧቸው። ማሰሮው የኦር ነው፣ ፊርማውም የኦር ነው፣ ቅቡ ግን የእሱ አይደለም።

በሸክላ ላይ የሚታዩት ጉድለቶች ደግሞ እኩል አይደሉም። ግሌዙ ላይ ብቻ ያለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ መረብ በብዙ አሮጌ ሸክላ የተለመደ ስለሆነ ገበያው ይታገሠዋል። ግድግዳውን የሚያልፍ ስንጥቅና የተሸረፈ አፍ ግን ዋጋውን ይቆርጡታል። ከሥሩ ተበስቶ የመብራት ማቆሚያ የተደረገም ብዙ አለ። የተጠገነ ቦታ በዓይን ካልታየ በአልትራ ቫዮሌት መብራት ሥር ብዙ ጊዜ ከሌላው ተለይቶ ያበራል። ግሌዙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ምግብና መጠጥ አይቀመጥበትም።

የመዶሻው ድርሻ

ገዢዎች የሚረሱት ወጪ የአጫራቹ ነው። በለንደን ክሪስቲስና ሶዝቢስ በ1975 ከገዢው ላይ 10 በመቶ መውሰድ ጀመሩ። ዛሬ በብዙ አዳራሾች ይህ ክፍያ ከ20 በመቶ በላይ ነው። ለምሳሌ ገዢው 25 በመቶ፣ ሻጩ 15 በመቶ የሚከፍሉበት አዳራሽ ውስጥ መዶሻው 1,000 ዶላር ላይ ቢያርፍ ገዢው 1,250 ይከፍላል። ያው ሰው ዕቃውን በዚያው አዳራሽ መልሶ ቢሸጠውና መዶሻው እንደገና 1,000 ላይ ቢያርፍ እጁ የሚገባው 850 ነው። ዋጋው ሳይወርድ ከገንዘቡ 32 በመቶውን አጥቷል። ከኪሳራ ነጻ ለመውጣት መዶሻው ወደ 1,470 መውጣት አለበት። ማጓጓዣው፣ ኢንሹራንሱና ጉምሩኩ ሳይቆጠሩ ነው።

ለብር ሰብሳቢ ይህ ክፍተት በማዕድኑ መወደድ ሊካካስ ይችላል። ለሸክላ ሰብሳቢ የሚያካክሰው ዕውቀቱና ዓመታት ብቻ ናቸው። በመሆኑም በስድስት ወር ሊፈለግ በሚችል ገንዘብ ሸክላ መግዛት በዝናብ ወቅት ጤፍ አስጥቶ እንደመሄድ ነው።

ሁለቱ ሒሳቦች በአንድ ዕቃ ላይ የሚገናኙበትም አለ። በ1890ዎቹ የሮድ አይላንዱ የብር ድርጅት ጎርሃም የሩክዉድን ማስቀመጫዎች እየተቀበለ፣ በግሌዙ ላይ በኤሌክትሪክ የብር ሐረግ ያለብሳቸው ነበር። ከቡናማው ቅብ ላይ እንደ ዳንቴል የተዘረጋው ብር ከማንኛውም ሰብሳቢ ዓይን አይጠፋም፤ ጨረታ ላይም በሁለት ወገን ይፈለጋል፣ በብር ሰዎችም በሸክላ ሰዎችም። ብሩ ግን ስስ ነው፣ ተላጦ ቢቀልጥ የሚያወጣው ከቁም ነገር አይገባም። የዚህ ዕቃ ዋጋ ሙሉ በሙሉ ከሥሩ ባለው ሸክላ ጤንነት ላይ ቆሟል፤ የብሩ ሐረግ ደግሞ ስንጥቅን ለመሸፈን የተመቸ ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ገዢ ወደ ውጪው ከመመልከቱ በፊት የእጅ ባትሪ ወደ አፉ አስገብቶ የውስጡን ግድግዳ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያም በጣቱ ጥፍር መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ደህናው ሸክላ ጥርት አድርጎ ይደውላል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይደነቁራል።